«በጉብዝናው አመጣኸው» ምን ማለት ነው?

ጣና ዳር፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አባባል ከራሴ አልወጣ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ የ6 ዓመት ልጄን ይዤ ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ተሻገርኩ። እዚያ ፊደል የሚያስቆጥሩ የኔታ አሉ። የልጁን ራስ ዳሰስ አደረጉና «በጉብዝናው አመጣኸው፣ ደግ አደረግህ» አሉኝ። እኔ የማውቀው ጎበዝ ማለት ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ነው። ልጄ ገና «ሀ»ን ከ«ሐ» አይለይም። ምን ማለታቸው ነው?

የቆሎ ተማሪው፦ ጎበዝ ማለት ወጣት፣ ጉልበቱ የጠና ሰው ነው። «ጎበዝ ተማሪ» ኋላ የመጣ ነው። የጎበዝ አለቃ የምንለውን አስብ፤ የወጣቶቹ መሪ ነው። መክብብ 12፥1 «በጉብዝናህ ወራት ፈጣሪህን አስብ» ይላል። በወጣትነትህ ማለት ነው። አለቀ።

ባለ ሰዓታት፦ አላለቀም ወንድሜ። ግእዙ «ውርዙት» ነው የሚለው። ወሬዛ ጎልማሳ ነው፣ ጢም ያወጣ። የ6 ዓመት ልጅ ሕፃን እንጂ ወሬዛ አይባልም። ስለ መማር ሲሆን እኮ ቃሉ ሌላ ነው፤ ለጢሞቴዎስ የተጻፈለት «ከሕፃንነትህም ጀምረህ» ተብሎ ነው፣ 2ኛ ጢሞ. 3፥15። ሁለቱን ዕድሜ አትቀላቅሉ።

ጉብል፦ ጉብል፣ ጎበዝ፣ ጉብታ። ሦስቱም «ጉብ» ከማለት የመጡ ይመስለኛል። ከፍ ማለት፣ መነሣት። ልጅም ብቅ ሲል ጉብዝናው ጀመረ ማለት ነው።

የሰፊዋ ልጅ፦ ወሬዛን ካነሣችሁ አይቀር በአማርኛ «ወረዛ» የሚል ግሥ አለን። እንስራ ወረዛ፣ ግድግዳ ወረዛ እንላለን፤ እርጥበት አወጣ ነው። ስለዚህ ወሬዛ እርጥብ፣ ያልደረቀ ማለት ነው እላለሁ። እናቴ መሶብ ትሰፋለች። አክርማውን ሳትነክር አትጀምርም፤ ደረቁን ስትጠመዝዘው ቀጭ ይላል፣ እርጥቡ ግን በስንደዶው ላይ እንዳሻት ይዞርላታል። እኔ በ7 ዓመቴ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የለመድኩትን እጄ ዛሬም ሳላየው ይሠራዋል። ትልቅ ሆኜ የጀመርኩት የሹራብ ሥራ ግን ይኸው እስካሁን ቀለበቱን እየቆጠርኩ ነው።

የቆሎ ተማሪው፦ እህቴ፣ ድምፅ ስለተመሳሰለ ዘመድ አይሆንም። የወሬዛ ግሥ በግእዝ ወርዘወ ነው፤ ወርዘወ ሌላ፣ ወረዛ ሌላ። ቅኔ ቤት ዓመታት የተቀመጥኩት ይህንን ለመለየት ነው። የጉብልም «ጉብ» ያው ነው። የአክርማው ነገር ግን ልክ ነሽ፣ በዚያ አልከራከርሽም። በስንደዶ እየነካን ስንቆጥር 26ቱን የግእዝ ፊደል በ7 በ7 አድርገን፣ 182ቱንም፣ እንደ ዘፈን ነበር የምናንበለብለው። ዜማውን በቃላችን ይዘን መልኩን ሳንለይ እንዳንቀር ደግሞ አቡጊዳ አለ። ቅደም ተከተሉ ይበተናል፣ ያን ጊዜ ዓይንህ ይሠራል። ያኔ የገባ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ባለ ሰዓታት፦ ታዲያ ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር? ሕፃን አልነበርክም? አንተው ራስህ መሰከርክልኝ።

አባ ወራው፦ ልጆች፣ እኔም አንድ ነገር ልበል። ዳዊት የጀመርኩት በ52 ዓመቴ ነው። በልጅነቴ ከብት ጠባቂ ነበርኩ፣ አባቴ ሌላ ሰው አልነበረውም። አሁን ማታ አምስት ጊዜ ደግሜ የያዝኩት ጠዋት ስነሣ ግማሹ የለም። አጠገቤ የ9 ዓመት የልጅ ልጄ እያዳመጠ ብቻ ይዞት ቁጭ ይላል። ስሳሳት የሚያርመኝ እሱ ነው። ደስም ይለኛል፣ ሆዴንም ይበላኛል። የኔታ ያንን ልጅ ሲያዩ ጉብዝና ያሉት፣ ጅማቱ ሳይከር ያለውን ጊዜ ይመስለኛል። ዓመቱን አይደለም የቆጠሩት።

የቆሎ ተማሪው፦ አባቴ፣ ያሉት ልብ ይነካል። ቃሉ ግን ለ6 ዓመት ልጅ አይሆንም፤ እዚህ ላይ እጸናለሁ።

ባለ ሰዓታት፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር እኮ!

ጣና ዳር፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባባ፣ የእርስዎን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ቅዳሜ ስሻገር የኔታን ራሳቸውን እጠይቃለሁ። ልጁ አቡጊዳን ከእኔ ሲሰማ ወዶት ቤት ውስጥ ጀምሯል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው» ይልና «ዞ» ላይ ይቆማል።