ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ቅጂ) ላይ ያለ ኖይዝ እንዴት ላጥፋ?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ኢሲጂ ሲግናል እያጸዳሁ ነው፣ መስመሩ ከትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል ከላዩ ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ደቃቅ የ50 ኸርዝ የመብራት ኖይዝ አለው። በ0.5 ኸርዝ ሃይፓስ (ከዚያ በታች ያለውን ቀርፋፋ ሞገድ የሚቆርጥ ፊልተር) ሳደርገው መዋለሉ ጠፋ ግን ኤስቲው (ከትልቁ የልብ ምት ሹል ቀጥሎ ያለው መስመር) ዝቅ አለብኝ፣ ሐኪም አይቶት የልብ ደም እጥረት ነው እንዳይል ፈራሁ። ምን ላርግ?

መልስ 1፦ ልክ ነህ፣ ኤስቲውን ያወረደው ፊልተሩ ራሱ ነው፣ ፌዙን (የሞገዶቹን የጊዜ አሰላለፍ) ያዛባል። የተቀዳ ከሆነ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ በፊልተሩ አሳልፈው፣ መዛባቱ ይጣፋል። እየተቀዳ በቀጥታ የሚታይ ከሆነ ሃይፓሱን 0.05 ኸርዝ ላይ አድርገው።

መልስ 2፦ ለ50 ኸርዟ ጠባብ ኖች (እሷን ብቻ የሚቆርጥ ፊልተር) ይበቃል። 40 ኸርዝ ላይ ሎውፓስ (ከዚያ በላይ ያለውን ፈጣን ሞገድ የሚቆርጥ ፊልተር) እንዳታደርግ በናትህ፣ የኪውአርኤሱ (የትልቁ የልብ ምት ሞገድ) ሹል ጫፍ ይደፈጠጣል፣ ለአዋቂ እስከ 150 ይለፍ።

መልስ 3፦ መጀመሪያ ኤሌክትሮዱን እይ ወንድሜ፣ ጄሉ ከደረቀ ኖይዝ ይጨምራል፣ ሰውየው በርዶት ከተንቀጠቀጠ ደግሞ የጡንቻው ኖይዝ ከልቡ ጋር ስለሚደራረብ ፊልተር ብቻውን አይለየውም።