መገላገል ማንን? ያረጀ ውሻ መጨረሻ ላይ የተነሣ ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ያረጀና የታመመ ውሻ በመርፌ እንዲያርፍ መቼ ይወሰን፣ ማንስ ይወስን የሚል ነው። ወሬው በባዶ እንዳይሆን ሁላችንም አንድ ውሻ እንያዝ። ዕድሜው 13፣ ክብደቱ 34 ኪሎ፣ የጀርመን እረኛ ክልስ ነው። የሚኖረው አዲስ አበባ፣ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቶቹ አሜሪካ ናቸው፤ የሚያበላውም የሚያጥበውም ዘበኛው ነው። የኋላ እግሮቹ ይጎተታሉ፣ ሲነሣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወድቃል። ደሙ ሲመረመር ክሬአቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ) በዴሲሊትር 3.4 ሚሊግራም ወጥቷል። ከሚሰጠው ምግብ ግማሹን ይተዋል። ባለቤቶቹ «ለገና እስክንመጣ ጠብቁን» ይላሉ፤ ጎረቤት «ኧረ ገላግሉት» ይላል። የየራሳችንን ታሪክ ትተን የምናውቀውን እናምጣ።

የቢሾፍቱው ሐኪም፦ እኔ ከጎረቤቱ ወገን ነኝ። ዛሬውኑ ባልልም ለገና አይጠበቅም እላለሁ። ብዙ ሰው «ተኝቶ በዚያው ያሸልባል» ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ኩላሊቱ የደከመ ውሻ እንዲህ አይሞትም። በደሙ የሚጠራቀመው ቆሻሻ ያቅለሸልሸዋል፣ አፉና ምላሱ ይቆስላል፣ ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይላል፣ ወደ መጨረሻው ጡንቻው ይንቀጠቀጣል ወይም ያንፈራግጠዋል። ይህ ቀናት ይፈጃል። ውጭ ያሉ ባልደረቦቻችን አንድ ቀን ከመዘግየት አንድ ሳምንት መቅደም ይሻላል የሚሉት ለዚህ ነው። እዚህ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ማቃሰት ቢጀምር ማን ይመጣለታል? በቀጠሮ ሲሆን ማደንዘዣው ተዘጋጅቶ፣ ውሻው መኝታው ላይ ሆኖ ነው የሚሠራው። በጥድፊያ ሲሆን በተገኘው ሰውና በተገኘው መድኃኒት ነው።

ሲስተር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)፦ ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና 3.4ን ሳያጣሩ መርፌው ላይ ደረሱ። ምግቡን የሚተው ውሻ ውኃም አንሶት ሊሆን ይችላል፤ ውኃ ያነሰው ውሻ ደግሞ ኩላሊቱ የዚያን ያህል ሳይጎዳም ክሬአቲኒኑ ይዘላል። የኩላሊት በሽታ ደረጃ የሚሰጠው ውሻው ፈሳሽ አግኝቶ ከተረጋጋ በኋላ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተለክቶ ነው። ከ2.9 እስከ 5.0 ሦስተኛ ደረጃ፣ ከዚያ በላይ አራተኛ ነው። ሽንቱም አብሮ ይለካ። ሰውነቱ ደርቆ እያለ የሽንቱ እፍጋት (ከውኃ ጋር ሲነጻጸር) ከ1.030 በታች ከሆነ ኩላሊቱ ሽንት ማወፈር ተስኖታል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውኃው ማነስ ነው።

ዘበኛው ራሱ አሁኑኑ የሚያየው ነገር አለ። የላይኛውን ከንፈር ገልጦ ድዱን በጣቱ ጫን አድርጎ ይልቀቅ፤ የነጣው ቦታ 2 ሰከንድ ሳይሞላ መቅላት አለበት። ድዱ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ደርቋል። የአንገት ቆዳ ሳብ አድርጎ መልቀቅ በሽማግሌ ውሻ ላይ ያታልላል፤ ቆዳው ድሮውንም ላልቷል። ድዱ ከጅምሩ ነጭ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። መዥገር የሚያመጣው ኤርሊኪያ ደም ያሳንሳል፣ ያደክማል፣ ምግብ ያስጠላል፤ በዶክሲሳይክሊን 28 ቀን ይታከማል። «እርጅና ነው» ተብሎ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ይህ ይታይ።

ባለ ገመዱ (ውሻ አሠልጣኝ)፦ ሁለታችሁም ደሙ ላይ ናችሁ፤ እግሩን ማን ያየዋል? «ይወድቃል» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ይሸፍናል። ውሻው ይቁም፣ ሆዱ ሥር በእጅ ይደገፍ፤ ከዚያ የኋላ መዳፉን ገልብጡና ጀርባው መሬት ይንካ። ጤነኛ ነርቭ ያለው ወዲያው ይመልሰዋል። እንደተገለበጠ ከተወው፣ ወይም አስቦ አስቦ ከመለሰው፣ ነገሩ የነርቭ ነው። የመካከለኞቹን ሁለት ጣቶች ጥፍርም እዩ፤ የላይኛው ገጽ ተፍቆ ካገኛችሁት ሲጎትተው ከርሟል። መዳፉን ቶሎ መልሶ ዳሌው ሲነካ የሚሸሽ ከሆነ ግን የመገጣጠሚያ ሕመም ነው።

ልዩነቱ ለዚህ ክርክር ዋና ነው። በጀርመን እረኛ ዘር የተለመደው የአከርካሪ ነርቭ መመንመን መድኃኒት የለውም፣ በወራት ውስጥ እየባሰ ይሄዳል፣ ግን አያምም። የዳሌው ግን ያማል፣ ሊታከምም ይችላል። ሰው ግን የሚጎተተውን አይቶ ያለቅሳል፤ ዳሌው እየጠዘጠዘው ዝም ብሎ የተኛውን «ረጋ ብሏል» ይለዋል።

ወለሉስ? ግቢው ሊሾ ከሆነ ግማሹ መውደቅ ከወለሉ ነው። ጆንያ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ከመኝታው እስከ ውኃው ይነጠፍ፣ በመዳፎቹ መካከል ያደገው ፀጉር ይቆረጥ። ያረጀ ጋቢ አጥፎ ከሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፎ ጫፎቹን ወደ ላይ መያዝ ነው፤ 34 ኪሎውን አንድ ሰው ይችለዋል። ወንድ ስለሆነ ጋቢው ሽንት መውጫውን እንዳይጫነው።

የቢሾፍቱው ሐኪም፦ ሲስተር፣ የሽንቱን ነገር ተቀብያለሁ፤ ይለካ። ግን ሕመሙን በምን ልታስታግሺው ነው? ካርፕሮፌን፣ ሜሎክሲካም የሚባሉት ለመገጣጠሚያ ጥሩ ናቸው፤ በዚህ ኩላሊት ላይ ግን አደገኛ ናቸው። የምፈራው ደግሞ ሰው ከሰፈር ፋርማሲ የሚያመጣውን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው። ሁለቱም የውሻን ጨጓራ ይቦድሳሉ፣ ኩላሊቱን ይጨርሳሉ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ከተደረበበት አንጀት እስከ መበሳት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ ያለ ዓይነ ምድር ይመጣና «በሽታው ባሰበት፣ ገላግሉት» ይባላል። ያባሰው ግን በሽታው አይደለም።

ሲስተር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋባፔንቲን የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለ። የተለመደው በኪሎ 10 ሚሊግራም ነው፤ ኩላሊቱ ስለደከመ በግማሹ፣ በየ12 ሰዓቱ ይጀመራል። ለዚህ ውሻ 170 ሚሊግራም ይመጣል፤ ካፕሱሉ ባለ 100 ስለሆነ በአንድ ተጀምሮ ወደ ሁለት ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ያንገዳግደዋል፤ ይህን አይቶ «ባሰበት» ማለት አይገባም። ለሰው የተሠራው ፈሳሹ ጋባፔንቲን ግን አይሰጥ፤ የሚጣፍጥበት ዛይሊቶል ውሻን ይመርዛል። ለማቅለሽለሹ ማሮፒታንት ወይም ኦንዳንሴትሮን፣ ለድርቀቱ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ሪንገር ላክቴት የሚባል ፈሳሽ። ይህ ሁሉ ለሁለት ሳምንት ተሞክሮ ካልበላ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሳይሞከር ግን አይደለሁም።

አባ ዝምታ፦ ቃሉ ላይ ልመለስ። «ገላግሉት» ይባላል። ግን የሚገላገለው ማን ነው? በአማርኛችን ሰው ከዕዳም ይገላገላል፣ ከነገረኛ ጎረቤትም ይገላገላል። ግቢው ሸተተ፣ እንግዳ ሲመጣ አሳፈረ፣ መድኃኒቱ ተወደደ፤ ይህን ሁሉ አንድ ቃል ውስጥ ከተን በውሻው ስም እናወራለን። መጽሐፉ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ይላል፤ ምሳሌ 12፥10። ሰው እዚህ ላይ ያቆመዋል። ቀጥሎ ያለው የኃጥኣን ምሕረት ጨካኝ ነው የሚል ነው። «አዘንኩለት» የሚል ሁሉ ስለ ውሻው እያሰበ ነው ብዬ አልቀበልም።

ኮሎኝ (ከጀርመን)፦ አባ ያሉት በጀርመን ሕግ ሆኗል። ከ1972 ጀምሮ ያለው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት እንስሳ ላይ ሕመም ማድረስ ይከለክላል፤ ያለ በቂ ምክንያት የጀርባ አጥንት ያለውን እንስሳ የገደለ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ባለቤቱ ስለሰለቸው ብቻ ሐኪም አይወጋለትም። አሜሪካ ውስጥ ግን በአመዛኙ የባለቤቱ ፈቃድና የሐኪሙ ኅሊና ነው የሚያስኬደው። ያም ሆኖ ሕጉ የጀርመኑን ባለቤት ሌላ ጥፋት ውስጥ ሲከተው ይታያል፦ «ምክንያቱ ገና አልበቃ ይሆን» እያለ ይዘገያል። ማዘግየትም ማሠቃየት ነው።

አባ ዝምታ፦ መዘግየቱንም አልደገፍኩም። ምክንያቱ ይነገር ነው ያልኩት።

ሲስተር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ምክንያቱን የሚያናግር መለኪያ አለ። አሊስ ቪላሎቦስ የተባለች አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም በ2004 ያወጣችው ነው። ሕመም፣ መብላት፣ ውኃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ፣ ከክፉ ቀን ደጉ መብዛቱ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጠዋል፣ ከ70 ከ35 በላይ ካገኘ እየታከመ ይቆያል።

ባለ ገመዱ፦ ድምሩ ነው የማይመቸኝ። ትንፋሽ አጥሮት ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚያድር ውሻ ምግቡን ከበላ፣ ከታጠበ፣ ጅራቱን ከቆላ 45 ሊያመጣ ይችላል። አንዱ ዜሮ ሌላውን ሁሉ መጣል አለበት። እኔ ከድምሩ ይልቅ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛው የተኛ ውሻ ትንፋሽ ነው፤ ደረቱ ሲነሣ እየተቆጠረ በደቂቃ ከ30 በታች መሆን አለበት። ለብዙ ሌሊት ከዚያ ካለፈ ልቡ ወይም ሳምባው ይታይ። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ነው። ማታ ማታ ደግ ቀን ከነበረ ክብ፣ ክፉ ከነበረ መስቀለኛ ምልክት። አጠገቡ ያለ ሰው በየቀኑ ስለሚላመደው መውረዱ አይታየውም፤ መቁጠሪያው ግን ያሳያል።

የቢሾፍቱው ሐኪም፦ በዚህ እስማማለሁ። በችኮላም አትወስኑ ለሚሉት አንድ ልጨምር፦ ሽማግሌ ውሻ በድንገት አንገቱን አጋድሎ፣ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ እየተወራጨ፣ እየዞረ ቢወድቅ ቤተሰቡ «ጭንቅላቱን መታው» ብሎ መርፌ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ የጆሮ ውስጥ ሚዛን መታወክ ነው፤ በ3 ቀን መሻሻል ይጀምራል፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ይራመዳል። በዚያ ቀን መወሰን ትልቅ ስሕተት ነው።

አባ ዝምታ፦ ዶክተር፣ «መርፌ» ስንል ምን እንደምንል ይንገሩን። መርዝ የተቀባ ሥጋም «ማሳረፍ» ሲባል እንሰማለን።

የቢሾፍቱው ሐኪም፦ ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ አእምሮውን ሳያደነዝዝ ጡንቻውን እያኮማተረ፣ አፍኖ ነው የሚገድለው። እርሱ ማሳረፍ አይባልም። ትክክለኛው በሁለት ደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ጡንቻ ላይ ወይም ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ማረጋጊያ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። ማረጋጊያው ዛይላዚን ከሆነ ሊያስመልሰው ስለሚችል ጨርቅ ይዘጋጅ። ከዚያ የፊት እግሩ ተላጭቶ ደም ሥሩ ውስጥ ካኑላ (ቀጭን ቱቦ) ይገባል። ያረጀና የደረቀ ውሻ ደም ሥር ስለሚሸሽ አንዳንዴ የኋላ እግር ይሻላል። ካኑላው በንጹሕ ፈሳሽ ሳይፈተሽ መድኃኒቱ አይሰጥም፤ ከደም ሥር ውጪ ከፈሰሰ ያቃጥለዋል። ማሳረፊያው መድኃኒት ፔንቶባርቢታል መጀመሪያ አእምሮውን፣ ቀጥሎ ትንፋሹን፣ መጨረሻ ልቡን ያቆማል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ደቂቃ ያበቃል።

ፔንቶባርቢታል በሁሉም ክሊኒክ መደርደሪያ ላይ አይገኝም፤ ሌላ መንገድ የሚቀርብላችሁ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይደነዝዛል ወይ?» ጣቱ በኃይል ተቆንጥጦ እግሩን የሚስብ፣ የዓይኑ ጥግ ሲነካ የሚያርገበግብ ውሻ ገና አልደነዘዘም። ልብ የሚያቆመው ፖታሲየም ክሎራይድ በነቃ ውሻ ላይ አይሰጥም፣ ልብ ላይም በቀጥታ አይወጋም። ቤተሰቡም አስቀድሞ ይነገረው፦ ዓይኑ አይከደንም፣ ሽንቱ ሊያመልጠው ይችላል፣ ልቡ ከቆመ በኋላም አንድ ሁለት ጊዜ አየር ሊስብ ይችላል። ያ መንቃት አይደለም። ሐኪሙ ለ5 ደቂቃ ያህል ልቡን ሳያዳምጥ «አልቋል» አይበል።

ባለ ገመዱ፦ ሬሳውስ? ፔንቶባርቢታል ሥጋው ውስጥ ይቆያል። ቆሻሻ መጣያ ላይ ከተጣለ ጅቡም፣ ጥንብ አንሳውም፣ የሰፈሩ ውሻም በልቶ ይወድቃል። ጉድጓዱ ከ1 ሜትር በላይ ጥልቀት ይኑረው፣ ከውኃ ጉድጓድ ይራቅ፣ ላዩ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ይደርደርበት። የአዲስ አበባ ጅብ ለስላሳ አፈር አይምርም።

ሌላው፦ ውሻው ባለፉት 10 ቀናት ሰው ነክሶ ከሆነ መርፌው ይቁም። ታስሮ 10 ቀን ይታያል፤ የተነከሰው ሰው ግን ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሥቃዩ የማያስቆይ ከሆነ ጭንቅላቱ ሳይመታ ይረፍና ለእብድ ውሻ በሽታ ምርመራ በቅዝቃዜ ይላክ። ሽማግሌ ውሻ ሲነጫነጭ ሁሉም «ሕመሙ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አወያይ፦ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ተዘለለ።

ኮሎኝ፦ ባለቤቱ ነው እንጂ! ግን በቪዲዮ ጥሪ የሚያየው ውሻ ስሙን ሰምቶ ለሁለት ደቂቃ የሚነቃውን ነው። ሌሊቱን የሚያየው ዘበኛው ነው። መቁጠሪያው ላይ ምልክቱን እርሱ ያድርግ፣ ባለቤቶቹ በእርሱ መስቀለኛ ይመሩ።

ሲስተር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ደመወዝ የሚከፍሉትን ሰዎች ውሻ «ይሙት» ብሎ የሚናገር ዘበኛ የት አለ? ክብ በክብ ነው የሚያደርገው። አስቀድመው ተስማምተው ይጻፉለት እንጂ፦ ለ2 ቀን ምንም ካልበላ፣ ተደግፎም መቆም ካቃተው፣ በየ4 ሰዓቱ እየተገለበጠም የመኝታ ቁስል ካወጣ፣ ወይም በእንቅልፉ ትንፋሹ ከ30 በላይ ከሆነ ሐኪሙ ይጠራ። እንዲህ ሲሆን ምልክቱን መናገር ነው እንጂ መፍረድ አይሆንበትም።

ባለ ገመዱ፦ የሐኪሙ ገንዘብም ዘበኛው እጅ ይቀመጥ። ከአሜሪካ እስኪላክ ሁለት ሌሊት ያልፋል። ዶክተር፣ ወረቀቱን ሳይፈርሙ ቢቀሩ ይወጉታል?

የቢሾፍቱው ሐኪም፦ ሕመሙን አስታግሥለታለሁ። የባለቤቱን ፊርማ ወይም ድምፅ ሳልይዝ ግን ያንን መርፌ አላነሣም።

ባለ ገመዱ፦ እንግዲያው ዛሬ ማታ ይደወልላቸው። እዚያ ጠዋት ነው።