ጋንሻም ዳስ ቢርላ፦ የፋብሪካ ባለቤትነቱና የባንክ መሥራችነቱ እንዴት ይያያዛሉ?

መዝገበ ሐሳብ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሕንዳዊው ባለሀብት ስለ ጋንሻም ዳስ ቢርላ ሳነብ አንድ ነገር ሳይገባኝ ቀረ። በአንድ በኩል የጁት (ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ)፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የመኪናና የአሉሚኒየም ፋብሪካዎች ባለቤት ነበር፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከአገሪቱ ትልልቅ ባንኮች የአንዱ መሥራች ነበር። ሀብቱን ያካበተው በባንኩ አማካይነት ነው ወይስ ባንኩን ያቋቋመው ከበለጸገ በኋላ ነው? መንግሥት ባንኩን በወረሰ ጊዜስ የቤተሰቡ ድርጅት ለምን አልተናጋም? የምታውቁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

የታሪክ ተማሪ
ቅደም ተከተሉን ብቻ ከተመለከትን ፋብሪካው ባንኩን በ24 ዓመት ይቀድማል (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቢርላ በ1894 ፒላኒ በተባለች የራጃስታን ከተማ ከማርዋሪ ነጋዴዎች ወገን ተወለደ። ማርዋሪዎች ጥንትም ቢሆን ጥጥና ብር ከመነገድ ጎን ለጎን ገንዘብ ማበደርና ሁንዲ በሚባለው ሰነድ ከከተማ ወደ ከተማ ማስተላለፍ የለመዱ ሰዎች ስለነበሩ፣ ነጋዴውን ከባንክ ባለቤቱ የሚለየው ግድግዳ በእነርሱ ዘንድ ያን ያህል ወፍራም አልነበረም።

ወጣቱ ቢርላ ካልካታ ገብቶ በጁት ድለላ ሥራ ሲጀምር የጁቱ ንግድ በብሪታኒያውያን፣ በተለይም በስኮትላንዳውያን ኩባንያዎች እጅ ነበር። በቢሮዎቻቸው አሳንሰር እንዳይጠቀምና ተራ ሲጠብቅ በአግዳሚ ወንበራቸው ላይ እንዳይቀመጥ ይከለከል እንደነበር በኋላ ራሱ ጽፏል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጆንያ ፍላጎት እጅግ ስለጨመረ የቤተሰቡ ሀብት አደገ፤ በ1919ም በካልካታ የራሱን የጁት ፋብሪካ አቋቋመ። የውጭዎቹ ባንኮች ለአንድ ሕንዳዊ ተፎካካሪ ብድር ለመስጠት ያመነቱ ስለነበር ችግሩን በገዛ ኪሱ አይቶታል ማለት ይቻላል።

ባንኩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1942 «ሕንድን ልቀቁ» የተባለው ንቅናቄ ከተቀጣጠለ በኋላ፣ ቢርላ በሕንዳውያን ካፒታልና አመራር የሚንቀሳቀስ ባንክ እንዲቋቋም አሰበ፤ ዩናይትድ ኮሜርሻል ባንክም በጥር 1943 በካልካታ ሥራ ጀመረ። ቢርላ በዚያን ጊዜ ተራ ነጋዴ አልነበረም። ከ1916 ጀምሮ ከጋንዲ ጋር ይተዋወቃል፤ ለእንቅስቃሴያቸውም ገንዘብ ያዋጣል፤ በ1927 የሕንድ ንግድ ምክር ቤቶች ፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ጋንዲ በጥር 1948 የተገደሉትም ዴልሂ በሚገኘው የቢርላ ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። እንግዲህ ለአገር ነጻነት ማሰቡና ለራሱ ገበያ ማሰቡ አንድ ላይ ይሄዱ ስለነበር፣ ሁለቱን ለመነጣጠል የሚደረገው ጥረት ብዙ ፍሬ ያለው አይመስለኝም።

ብድርና ዋስትና
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ቢሆንም ለቢርላ ትንሽ ያደላ መሰለኝ። አንድ ባለ ፋብሪካ ባንክ ሲይዝ የሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ ወደ ባለቤቱ ኩባንያዎች እንዳያዘነብል የሚከለክለው ምንድን ነው? በሕንድ ይህ ጥያቄ የቢርላ ብቻ አልነበረም፤ ትልልቆቹ የግል ባንኮች በአብዛኛው ከትልልቅ የንግድ ቤቶች ጋር የተሳሰሩ ስለነበሩ ገበሬውና ትንሹ ነጋዴ ብድር አያገኙም የሚል ክስ በፓርላማ ጭምር ይቀርብ ነበር። በ1968 የወጣው የባንክ ሕግ ማሻሻያ ባንኮች ለዳይሬክተሮቻቸውና እነርሱ ጥቅም ላላቸው ድርጅቶች እንዳያበድሩ ከለከለ፤ ሊቀ መንበሩም የፋብሪካ ባለቤት ሳይሆን የባንክ ባለሙያ እንዲሆን አዘዘ። ይህም አልበቃ ብሎ ሐምሌ 19 ቀን 1969 የኢንዲራ ጋንዲ መንግሥት 14 ባንኮችን ወረሰ፤ የቢርላም ባንክ ከእነዚሁ አንዱ ነበር። ዛሬ የሚታወቅበትን ዩኮ ባንክ የሚለውን ስም ያገኘው በ1985 ነው።

የታሪክ ተማሪ
ክሱ መሠረት አለው፤ ነገር ግን የቢርላ ቤት ጉልበት ከባንኩ ይልቅ በመንግሥት የፋብሪካ ፈቃድ ላይ የነበረ ይመስለኛል። ከ1951ዱ የኢንዱስትሪ ሕግ በኋላ በሕንድ ትልቅ ፋብሪካ ለመትከል ወይም ለማስፋፋት የመንግሥት ፈቃድ ግዴታ ነበር፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ማምረት አይችልም ነበር። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ሃዛሪ ለፕላን ኮሚሽኑ ባቀረበው ጥናት፣ የቢርላ ቡድን ከድርሻው በላይ ፈቃድ እንደወሰደና አንዳንዱንም ሥራ ላይ ሳያውል ይዞ በመቆየት ሌሎች እንዳይገቡ መንገድ እንደዘጋ አመልክቷል። የባንኩ መወረስ ቤቱን ያላናጋውም ለዚህ ነው። የተወረሰው ባንኩ እንጂ ፋብሪካዎቹ አይደሉም፤ የብድር ውሎቹም ከባንኩ ሀብትና ዕዳ ጋር ወደ አዲሱ ባለቤት ተላለፉ። በ1958 የተቋቋመው የአሉሚኒየም ኩባንያ ሂንዳልኮና የሬዮን (ሰው ሠራሽ የጨርቅ ክር) አምራቹ ግራሲም ከውርሱ በኋላም ማደጋቸውን ቀጥለዋል።

የአቃቂ ነዋሪ
ውድ ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ቢርላዎች እኛም ዘንድ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ አቃቂ ላይ የተከሉት የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሕንዳውያን ባለሀብቶች ከነጻነት በኋላ በውጭ አገር ካቋቋሟቸው የመጀመሪያዎቹ የጋራ ድርጅቶች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ነገር ግን በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በታኅሣሥ ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ሳምንታት ቆይቶ ደግሞ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሲወረሱ የአቃቂውም ተወሰደ። ስለዚህ ከላይ «የተወረሰው ባንኩ እንጂ ፋብሪካዎቹ አይደሉም» የተባለው ለሕንድ እንጂ ለእኛ አይሠራም።

መዝገበ ሐሳብ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የአቃቂው ነገር ፈጽሞ ያልጠበቅኩት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል፤ የባንኩ ባለአክሲዮኖች በሕንድ ካሳ ተከፍሏቸዋል?

ብድርና ዋስትና
አዎን፣ ግን በክርክር ነው። የመጀመሪያውን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 1970 ውድቅ ያደረገው አንደኛው ምክንያት የካሳው ስሌት በቂ አለመሆኑ ነበር። መንግሥት ወዲያው ሌላ ሕግ አውጥቶ ለ14ቱም ባንኮች በድምሩ 874 ሚሊዮን ሩፒ ወሰነ። ቢርላ ራሱ ይህ ከሆነ በኋላ 13 ዓመት ገደማ ኖሮ በሰኔ 1983 ለንደን ውስጥ አረፈ።