የካሴት ሽውታ «መሸፈኛ» ነውን?

ባለካሴቱ፦ ትናንት ጥሩ ጆሮ እዚህ ስለ ደንጀን ሲንዝ፣ አሮጌ ግንብንና የምናብ ዓለምን በሲንተሳይዘር (ድምፅ በሚፈጥር የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ስለሚስለው ሙዚቃ፣ «በውስጡ የሚሰማው የካሴት ሽውታ (ክሩ ሲዞር የሚሰማው ‹ሽሽ› የሚል ድምፅ) የችሎታ ማነስ መሸፈኛ ነው» ብለው የጻፉት እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ኖርዌያዊው ሙዚቀኛ ሞርቲስ ኤምፐረር ከተባለው የብላክ ሜታል (የከባድ ሮክ ዓይነት) ባንድ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለብቻው መሥራት ሲጀምር የመጀመሪያ አልበሙን የሞላው በሁለት ሥራዎች ብቻ ነው፤ እያንዳንዳቸውም ጥቂት ዜማዎችን በዝግታ እየደጋገሙ ከ20 ደቂቃ በላይ ይሄዳሉ። ዜማውን ይህን ያህል ጊዜ ራቁቱን ያቆመ ሰው ምኑን ሸፈነ ይባላል?

ጥሩ ጆሮ፦ ስለ ሞርቲስ አልተናገርሁም። በዚያን ጊዜ ገንዘብ የሌለው ወጣት ባለአራት ትራክ የካሴት መቅረጫ ስለነበረው በእርሱ ቀረጸ፤ ሽውታውም ከመሣሪያው ጋር መጣ። የዛሬው ግን በኮምፒውተር ጥርት አድርጎ ከቀረጸ በኋላ ሽውታውን ከሶፍትዌር አውጥቶ ይደርብበታል። በጠራ ድምፅ ላይ ሆን ተብሎ የሚደረበውን ነገር መሸፈኛ ካላልሁት ምን ልበለው?

ምድር ቤት፦ የርካሽ ኪቦርድ ዋሽንትና መዘምራን ጥርት ብለው ሲሰሙ እውነተኛ አለመሆናቸው ወዲያው ያስታውቃል። ካሴት ግን ቀጫጭኑን ድምፅ ያደበዝዛል፣ የክሩም ፍጥነት ጥቂት ስለሚዋልል ዜማው ይርገበገባል፤ ያን ጊዜ ዋሽንቱና መዘምራኑ ይዋሐዱና ከወፍራም የግንብ ግድግዳ ጀርባ የሚመጡ ይመስላሉ። ስለዚህ አዎን፣ ይሸፍናል፤ የሚሸፍነው ግን የኪቦርዱን ሐሰተኝነት እንጂ የሰውየውን ችሎታ አይደለም።

ጥሩ ጆሮ፦ «አዎን፣ ይሸፍናል» ብለዋል፤ እኔም ከዚህ ሌላ አላልሁም። በአሜሪካ የዩታውን የደንጀን ሲንዝ ሙዚቀኛ ፊፍን ያዳምጡ፤ ድምፁ ብሩህ ነው፣ ዜማው ግን ያው የምናብ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይወስደናል።

ባለካሴቱ፦ «ከዚህ ሌላ አላልሁም» አይበሉ፤ «የችሎታ ማነስ» ብለዋል። ያስቆጣኝም መሸፈኛ የሚለው ቃል ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያስቀመጡት ነው።

ሰሜን ኮከብ፦ ማነስ ከተነሣ፣ እጥረት ራሱ ሙዚቃ እንደሚወልድ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የበርዙም (የኖርዌያዊው የቫርግ ቪከርነስ የብቻ ባንድ) አልበም ጊታር በሌለበት እስር ቤት ውስጥ በሲንተሳይዘር ብቻ የተሠራ ነው።

ነጭ ጉም፦ በነፍስ ግድያና ቤተ ክርስቲያን በማቃጠል የተፈረደበትን፣ የዘር ጥላቻንም በጽሑፍ ያሰራጨን ሰው የዚህ ሙዚቃ ምስክር አታድርጉብን። ባለ አምስት ወቅቶች ምድር ፈጥሮ ታሪኳን በየአልበሙ የሚተርክልን ፈረንሳዊው ኢራንግ እያለ ምን አስፈለገን?

ሰሜን ኮከብ፦ ያመሰገንሁት ሥራውን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ነጭ ጉም፦ ሥራውን ለማመስገን ስለ ዜማው መናገር ይበቃ ነበር፤ እርስዎ ግን ያነሡት እስር ቤቱን ነው።

ጥሩ ጆሮ፦ ወደ ሽውታው እንመለስ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር ጋር ብቻውን አዋሕዶ የቀረጸው ሥራ የወጣው በካሴት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግመኛ ሲታተም የውጭ አድማጭ የወደደው ዜማውን ነው። ሽውታ ይጨመርልን ያለ ሰው አልሰማሁም።

ባለካሴቱ፦ እኔ ግን ያን ዘመን የማስታውሰው በሌላ መንገድ ነው። በአባቴ ቤት ካሴት ሲከፈት ከዘፈኑ በፊት የሚመጣው ሽውታው ነበር፤ እኛ ልጆቹ ዝም የምንለውም ያኔ ነው። አንድ የደንጀን ሲንዝ ሙዚቀኛ አድማጩን ወደ አሮጌ ግንብ ከማስገባቱ በፊት እንዲህ ያለ ደጃፍ ቢሠራለት ችሎታው አንሶ ነው ማለት ፍርድ ማጓደል ይመስለኛል።

ምድር ቤት፦ እኔ የሠራሁት አንድ አጭር ዜማ አለ። በቀጥታ ከኪቦርዱ የተቀዳውንና በእውነተኛ ካሴት ውስጥ ያለፈውን ሁለቱንም ነገ ማታ እዚህ አስቀምጣለሁ።

ጥሩ ጆሮ፦ በደስታ አዳምጣለሁ፤ ሦስተኛም ይጨምሩ፣ ሽውታው በሶፍትዌር የተደረበበትን። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አስቀድመው አይንገሩን።

ባለካሴቱ፦ ከዚያ በፊት «የችሎታ ማነስ» የሚለውን ያንሡልኝ።

ጥሩ ጆሮ፦ ሦስቱንም ሳላዳምጥ አላነሣም።