ካህን ወደ ሕሙም ሲመጣ ቤተሰብ ለምን ይደነግጣል?

ጠያቂ (ከደሴ)፦
ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ። በደሴ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የማገለግል ስሆን፣ ከአጥቢያችን ካህናት ጋር በሆስፒታል የተኙትንና በየቤታቸው አልጋ የያዙትን ሕሙማን በቋሚነት ለመጠየቅ አስበናል። ወደ ከተማችን ከደላንታ፣ ከዋድላ፣ ከወግዲ፣ ከዚያም ርቆ ከዋግ ለሕክምና የሚመጡ ብዙዎች ናቸው፤ ከአንድ አስታማሚ በቀር ዘመድ አጠገባቸው የለም፣ የንስሐ አባታቸውም በአገራቸው ቀርተዋል። ያስጨነቀን ነገር ግን ካህኑ መስቀሉን ይዞ ሲገባ ታማሚው «በቃ፣ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠውብኛል ማለት ነው» ብሎ መደንገጡ ነው። ቤተሰብም ይህንኑ ፈርቶ ካህኑን ከበር ይመልሰዋል፤ በመጨረሻ ሲጠራው ታማሚው መናገር ተስኖታል። በዚያ ላይ በአንድ ክፍል ውስጥ ሙስሊም ወገኖቻችን አብረው ስለሚተኙ፣ ሳናስከፋቸው እንዴት እንጸልይ? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን።

ቀሲስ (ከሰሜን ወሎ)፦
ልጄ፣ ያነሣኸው ነገር ለእኛ ለካህናትም የሚከብድ ነው። ምስጢረ ቀንዲል፣ ማለትም ካህናት ለሕሙም ጸልየው ዘይት የሚቀቡበት ሥርዓት፣ ከሰባቱ ምስጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ሲሆን፣ መሠረቱም ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ቁጥር 14 እና 15 ላይ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራ፣ እነርሱም ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዘዘው ቃል ነው። ሐዋርያው በዚያው ቦታ ጌታ እንደሚያስነሣው ይናገራል እንጂ ስለ ስንብት አይናገርም። ሕዝቡ ቀንዲልን የሞት ምልክት አድርጎ የያዘው እኛን የሚያየን ሰው ሲያጣጥር ብቻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ቀድሞ መድረስና መመላለስ ነው፤ ሕመሙ ገና ሳይጠና የመጣ፣ ከዚያም ደጋግሞ የመጣ ካህን ማንንም አያስደነግጥም።

በመጀመሪያው ጉብኝት ስለ ንስሐም ስለ ቀንዲልም አታንሡ። ስሙንና አገሩን ጠይቁት፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አዝመራው፣ ማን ከብቱን እንደሚጠብቅለት ይንገራችሁ። ከፈቀደ አቡነ ዘበሰማያት ደግማችሁ፣ መስቀል አሳልማችሁ፣ ሳይደክመው ውጡ። ስትመለሱ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ላይ ያለውን የሚያነሣው እርሱ ራሱ ነው። በዚያን ጊዜ ሌሎቹ ወጥተው ካህኑ ብቻውን ይቅር፤ አልጋና አልጋ በተጠጋጋበት ክፍል የንስሐ ቃል ለጎረቤት እንዳይሰማ፣ ነርሷን ጠይቆ መጋረጃ ማስጋረድ ወይም፣ ታማሚው መነሣት ከቻለ፣ ገለል ያለ ቦታ መፈለግ ይገባል።

የቀንዲል ጸሎት ረጅም ነው፤ ሰባት ካህናት ቢገኙ የሚመረጥ ሲሆን ባይገኙ ባሉት ይፈጸማል፤ ይሁንና ለተጨናነቀ ክፍል አይመችም። ታማሚው ቤቱ ሲገባ ወይም ሆስፒታሉ ቦታ ሲፈቅድ ቢደረግ ይሻላል። ቅዱስ ቁርባንም እንደምታውቀው አያድርም፤ በቅዳሴው ዕለት የሚፈጸም ስለሆነ፣ ለመቁረብ የሚሻ ሕሙም ካለ ከአጥቢያው ካህናት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ግድ ነው።

ነርስ (ከደሴ)፦
የቀሲስን ምክር ደግፌ ከሥራዬ የማውቀውን ልጨምር። ኦክስጅን በሚሰጥበት ክፍል ጧፍም ሆነ ዕጣን ፈጽሞ መለኮስ የለበትም፤ ኦክስጅን እሳትን ያባብሳልና። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚን ስትጠይቁ የክፍሉ ተረኛ የሚሰጣችሁን ጭንብል አድርጉ፣ መስኮቱም ክፍት ይሁን። መስቀል ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ከንፈር ሲዞር ሕመም ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ በግንባር ብቻ ማሳለም በቂ ነው፤ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ከመሻገራችሁ በፊትም እጃችሁን ታጠቡ።

ጸበል ይዛችሁ ከመጣችሁ ከማጠጣታችሁ በፊት ጠይቁን። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ከምግብና ከመጠጥ እንዲከለከል የሚታዘዝበት ሰዓት አለ፤ ራሱን የሳተ ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው ደግሞ የጠጣው ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። በእነዚህ ጊዜያት ግንባሩን ማስነካት ይቻላል። ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ፣ ማንም ታማሚ በእናንተ ምክንያት መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ነው። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር የሚፈጅ ሲሆን፣ በመሐል ያቋረጠ ሰው መድኃኒት በተላመደ ነቀርሳ ሊያዝ ይችላል፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸውን ለሚጠራጠሩ ታማሚዎች አስታውሱ፤ ይህን ከሐኪም አፍ ከመስማት ይልቅ ከካህን አፍ ሲሰሙት ይቀበሉታል።

ሌላው፣ የሕመሙን ስም ቤተሰብ ከታማሚው ደብቆት ሊሆን ስለሚችል ከእናንተ አንደበት እንዳይወጣ ተጠንቀቁ። ጠዋት ሐኪሞች በሚዞሩበት ሰዓት አትምጡ፤ ቁጥራችሁም ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጥ። መዝሙር በኅብረት መዘመር ለጤነኛ ደስ ቢልም፣ በዚያው ክፍል ሌሊቱን ሲያቃስት አድሮ ገና እንቅልፍ የወሰደው ሰው አለ።

አስታማሚ የነበረች (ከኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ ስለ ሙስሊሞቹ ብዙ አትጨነቅ። በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ሁለቱ እምነቶች አብረው የሚኖሩበት ብዙ ነው። ስትገቡ ክፍሉን በሙሉ «ፈጣሪ ይማራችሁ» በሉ፤ ለአንዱ ዳቦ ስትሰጡ አጠገቡ የተኛውን አትለፉት፤ ጸሎቱን ዝግ ባለ ድምፅ አድርጉት። ስብከትና የሚታደል ወረቀት ግን አይግባ። መነሣት የማይችል ሰው የማይፈልገውን ነገር ትቶ መሄጃ የለውም።

ዋናው መልእክቴ ስለ አስታማሚው ነው። ከገጠር የመጣ አስታማሚ መሬት ላይ ያድራል፣ በሆስፒታሉ የታጣውን መድኃኒት በማያውቀው ከተማ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት እየዞረ ይፈልጋል፣ ለራሱ የሚበላው ብዙ ጊዜ የለውም። ከእናንተ አንዱ ታማሚው ዘንድ ቁጭ ብሎ፣ አስታማሚው ወጥቶ ገላውን ታጥቦ ጥቂት እንዲተኛ ቢያደርግ፣ ታማሚው ራሱ ይመርቃችኋል። ጸሎቱንም ከዚያ በኋላ ሳትጠይቁት ይጠይቃችኋል ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂ (ከደሴ)፦
እግዚአብሔር ያክብርልን። ቀሲስ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ድኖ ወይም ሳይድን ወደ አገሩ ለሚመለሰው ምን እናድርግ? ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ አናገኘውም።

ቀሲስ (ከሰሜን ወሎ)፦
ገና ተኝቶ ሳለ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ የአጥቢያውን ስምና የንስሐ አባቱን ስልክ ያዙ። ከዚያው ከአልጋው ሆኖ ደውላችሁ አገናኟቸው፤ ኑዛዜው በአካል ሲገናኙ ይደርሳል፣ ለጊዜው ሰላምታውና ቡራኬው ይበቃል። የሚወጣበት ቀን ሲታወቅም ለንስሐ አባቱ ንገሯቸው፤ ሕመሙን ግን እርሱ ካልፈቀደ አትንገሯቸው። እርሳቸው በሳምንቱ ቤቱ ድረስ ይሂዱ፤ ስልክ የሌላቸው ከሆነ ደብዳቤ ጽፋችሁ በአስታማሚው እጅ ላኩላቸው።