«የትምህርት ሚኒስቴር ሪፖርት አይደለም» ስለተባለው የግቢ ፍቅር ፊልም

የከዚራ ልጅ፦ ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ድሬዳዋ የተነበበውን የፊልም ጽሑፍ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ላልነበራችሁ በአጭሩ፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣች ልጅ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ትመደባለች፣ ገና ከባቡር ጣቢያው አካባቢ ሳትርቅ ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር በሒሳብ ትጣላለች፣ ውላ አድራ ትወደዋለች፣ በመጨረሻም ጋዋን ለብሳ ትመረቃለች። ከአድማጮች አንዷ ልጅቷን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ለፈተና ስትቀመጥ ያላየናት ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ከአዘጋጆቹ ወገን የተሰጣት መልስ «ይህ የፍቅር ኮሜዲ እንጂ የትምህርት ሚኒስቴር ሪፖርት አይደለም» የሚል ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔ ግን አንጀቴ ተቃጠለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶ ካላመጣ የመጀመሪያ ዲግሪ እንደማይሰጠው እያወቅን፣ ያን ጋዋን ያለ ምንም ጭንቀት የምትለብስ ልጅ የየትኛው ግቢ ተማሪ ናት?

ሸዋ በር፦ እኔ ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ፤ አሁንም አጨበጭባለሁ። ስለ ወጣቶቻችን የሚጻፈው ሁሉ ሥራ አጥነት፣ ስደትና ሐዘን ከሆነ ስንት ዘመናችን ነው? አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ቆመው ሲሽኮረመሙ ብናይ ምን ይጎድልብናል? የፍቅር ኮሜዲ የራሱ ሕግ አለው፤ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ይለያያሉ፣ ይገናኛሉ። በዚህ መሀል የፈተና አዳራሽ ካስገባህ ተመልካቹ ሳቁን ያቆማል። ፈተናን የሚያውቅ ተማሪ ፈተናን ለማየት ትኬት አይቆርጥም።

የሐረማያ ምሩቅ፦ ሸዋ በር፣ «ሳቁን ያቆማል» ያሉት ነገር እኔ ከኖርኩት ጋር ፈጽሞ አይገጥምም። እርስዎ ከሐረር ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቀውን የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያውቁታል ብዬ አስባለሁ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ፣ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ግቢ ነው። እዚያ ያየሁት ሳቅ ሁሉ ከፈተና ፍርሃት የመነጨ ነበር። ግሬድ በተለጠፈ ቀን ሰሌዳው ሥር የራሱን የመታወቂያ ቁጥር ለማየት ፈርቶ ጓደኛውን «አንተ እይልኝ» የሚለው፣ ጓደኛውም አይቶ ፊቱን አኮሳትሮ ካስደነገጠው በኋላ የሚያቅፈው፣ በካፌ ሰልፍ ላይ ማስታወሻ እያነበበ ሳህኑን ሳይዝ ወጥ ፊት የሚደርሰው፣ ይህ ሁሉ ኮሜዲ አይደለምን? ፍቅሩም ቢሆን የሚጀመረው በቤተ መጻሕፍት ነበር። ለሚወዳት ልጅ ማለዳ ተነሥቶ በደብተሩ ወንበር የሚይዝላት ልጅ፣ እርሷ ሳትመጣ ስትቀር ወንበሩን ከሚጠይቁት ሁሉ ጋር እየተከራከረ አንድ ገጽ ሳያነብ ይመሽበታል። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ትዕይንት ማን ሊጽፍ ይችላል? ፈተናው ባይኖር ኖሮ ያ ወንበር ምንም ዋጋ አይኖረውም ነበር።

ሸዋ በር፦ ይህ ቆንጆ ነው፤ ይግባ። ነገር ግን የነገርከን ስለ ወንበር ነው እንጂ ስለ ውጤት መቶኛ አይደለም። የመጀመሪያው ተናጋሪ የጠየቀው የመውጫ ፈተና ደንብ እንዲነገረን ነው፤ ሪፖርት ያሉትም ይህንን ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ ይህን «ሪፖርት» የሚለውን ነገር ከሰማሁ ጀምሮ ከልቤ ሊወጣ አልቻለም። የመጀመሪያ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን የወሰደው ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከ100 ተፈታኝ ግማሽ ያመጡት 3 ያህል ብቻ እንደነበሩ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ልጄ ከእነርሱ መካከል አልነበረም፤ በአቅም ማሻሻያው ፕሮግራም ገብቶ እንደገና ከታች ጀመረ። በዚያም ጊዜ ወደደ፣ ተጣላ፣ ታረቀ፣ ስልክ ላይ ሲስቅ ሌሊቱ ይነጋበት ነበር። ለእናንተ ሪፖርት የሆነው ለእርሱ ወጣትነቱ ነው። በዩኒቨርሲቲ ሕይወት ላይ ፊልም ተሠርቶ የእርሱ ዓይነት ልጅ በአንድ ትዕይንት እንኳ ካላለፈ፣ እኔ ያንን ፊልም ከእርሱ ጋር ተቀምጬ እንዴት አየዋለሁ?

ሸዋ በር፦ እናቴ፣ የልጅሽን ነገር ከልቤ ነው የሰማሁት። ነገር ግን እርሱ የራሱ ፊልም ይገባዋል እንጂ በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ብቅ ብሎ እንዲጠፋ አልመኝለትም። ሁሉን ነገር በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እንጨምር ካልን አንዱንም በደንብ አናየውም።

ለገሃሬ፦ ስለ ፈተናው ተከራከሩ፤ እኔን ያሳዘነኝ ግን ከተማዬ ናት። ሁለቱ ልጆች በክረምት ሌሊት በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተቀምጠው ኮከብ ይቆጥራሉ ተብሎ ተጽፏል። ተወልዶ ያደገ የድሬ ልጅ ይህን ያደርጋልን? በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ደቻቱ ደግሞ እዚህ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ በላይ በደጋው በዘነበ ዝናብ ብቻ ይሞላል። ልጁ የሚወዳት ከሆነ በክረምት ከዚያ አሸዋ ጎትቶ ያስወጣታል፤ እንዲያውም የመጀመሪያ ጠባቸው በዚህ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር፤ እርሷ አሸዋው ደረቅ ነው ትላለች፣ እርሱ ምክንያቱን ሳይነግራት ይቆጣል። ደግሞስ መጋላ ሰፈር ያደገ የባጃጅ ሹፌር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አማርኛ ብቻ ሲናገር ማን አይቶ ያውቃል? ከተሳፋሪ ጋር በኦሮምኛ ተስማምቶ፣ በሶማልኛ መንገድ አስለቅቆ፣ በአማርኛ የሚቀልድ ልጅ ነው የምናውቀው።

የሐረማያ ምሩቅ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ልጁ የልጅቷን እናት ገና ሲያያት «አንቺ እናት፣ ግቢ» ሲላት እናትየው ደንግጣ ቦርሳዋን አንሥታ የምትመለስበት ትዕይንት ከጽሑፉ ሁሉ የተሻለው ነው። እኔም ከጎንደር እንደመጣሁ እንዲሁ ደንግጬ ነበር።

ለገሃሬ፦ እርሱን ነው እንዲወጣ የምፈልገው! ሁልጊዜ ስለ ድሬና ስለ ሐረር ሲነገር አንቱታ የለም፣ ቀልድ አለ፣ ጫት አለ ተብሎ ያልቃል። ታላቅን አንተ ማለት በእኛ ዘንድ መቅረብ ነው፤ ተመልካቹ በልጁ ስድነት እየሳቀ ከወጣ ግን ፊልሙ እኛን ለሌላው ሰው መሳቂያ አደረገን ማለት ነው።

የሐረማያ ምሩቅ፦ የሚሳቀው በልጁ ሳይሆን በእናትየው ድንጋጤ ነው። በአራተኛው ዓመት ራሷ እናትየዋ ለምርቃት መጥታ «አንተ» እያለች በሽንኩርት ዋጋ ስትከራከር እናያታለን፤ ያንን ገጽ አልሰማህም ማለት ነው?

ለገሃሬ፦ ሰምቻለሁ። አላሳመነኝም።

የከዚራ ልጅ፦ ወደ ነገሬ ልመለስ። ሸዋ በር፣ እኔ ደንብ እንዲነበብልኝ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ልጅቷ የምታጣው ነገር እንዲኖራት ነው። ፍቅሩ ፈታኝ የሚሆነው በየትኛውም ምሽት ከልጁ ጋር ባጃጅ ላይ መዞር ወይም ዶርም ገብቶ ማንበብ ከሚሉት አንዱን መምረጥ ሲኖርባት ነው። አሁን ባለው ጽሑፍ ምርጫ የላትም፤ ጊዜዋ ሁሉ የእርሷ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ አታድግም፣ ያላደገችም ልጅ ስትመረቅ ማየት አያስደስተኝም። ስለዚህ ሐሳቤን በግልጽ አስቀምጣለሁ፤ የመውጫ ፈተናውን አንድ ጊዜ ትውደቅ።

ሸዋ በር፦ ከወደቀች ኮሜዲነቱ ቀረ። ቤተሰቧ ከደብረ ማርቆስ ድረስ ሊመጣ ተዘጋጅቶ ሳለ ይህን ዜና የምትነግርበትን ስልክ ጽፈህ አሳየኝ፤ ማንም በሚስቅበት መንገድ ልትጽፈው ከቻልህ በሚቀጥለው ንባብ ድምፄን ለአንተ እሰጣለሁ። እስከዚያ ግን አቋሜ አቋሜ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ ያንን ስልክ እኔ አንሥቼዋለሁ። ልጄ ውጤቱን ከመናገሩ በፊት የዶሮዎቹን ደኅንነት፣ የጎረቤቱን ሠርግ፣ የአባቱን ጥርስ ሕመም ሁሉ ጠየቀኝ፤ እኔም ገብቶኝ ሳለ እያንዳንዱን በዝርዝር መለስኩለት። ከፈለጋችሁ ቃል በቃል ተናግሬ አጽፋችኋለሁ፤ ይሳቅበት አይሳቅበት እናንተው ፍረዱ።

ሸዋ በር፦ ይጻፍና ይነበብ። ደንቡ ግን አይጨመርበት።