የእናቴ ጉልበት ሪህ ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ፦ የደምበጫው ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 59 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከደምበጫ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ጉልበቷን ካመማት ሁለት ዓመት አለፈ። ዱካ ላይ ተቀምጣ እንጀራ ጋግራ ስትነሳ መጀመሪያ ምሰሶውን ትይዛለች፣ ቀጥሎ «ኧረ ጊዮርጊስ!» ትላለች፣ ከዚያ ነው የምትቆመው። ስትራመድ ጉልበቷ ሲንቋቋ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ «ሪህ ነው፣ ሥጋ አትንኪ» ብሏት ፋሲካን በሽሮ ዋለች። ሲብስባት መርፌ ትወጋለች፤ ለሦስት አራት ቀን ቀለል ይላትና ይመለሳል። እውነት ሪህ ነው? የትስ ልውሰዳት? አጥንት ሐኪም ካየናት ኦፕራሲዮን ያደርጓታል ብዬም ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ነርሷ ከፍኖተ ሰላም
እግዜር ይማርልህ። እኛ ዘንድ መገጣጠሚያ ያመመው ሁሉ ሪህ ነው። ሐኪም ሪህ የሚለው ግን ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ በዝቶ፣ እንደ ጥቃቅን መርፌ እየሆነ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች የሚመጣውን ነው። አመጣጡ ድንገት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ብዙ ጊዜም የእግር አውራ ጣት ላይ። ጣቱ ቀልቶ ያብጣል፤ ጋቢ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። ሥጋ ቀንሱ፣ በተለይ ጉበትና ኩላሊት፣ ቢራም ተዉ የሚባለው ለዚህኛው ነው።

የእናትህ ግን ሌላ ይመስለኛል። በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣው፣ ኦስቲኦአርትራይተስ የሚሉት። ሲሠሩበት ያማል፣ ሲያርፉ ይሻላል። አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ ጠዋት ስትነሳ ጉልበቷ እንደተገተረ ምን ያህል ይቆያል?

የደምበጫው ልጅ
አሁን ደወልኩላት። «ቡናው እስኪፈላ እንኳ አይቆይም» አለች። ጣቶቿ ደህና ናቸው።

ነርሷ ከፍኖተ ሰላም
ከግማሽ ሰዓት በታች ከሆነ ግምቴ ወደዚያው ያደላል። ያም ሆኖ በስልክ ምርመራ የለም፤ ራጅ ትነሳ።

መልስ፦ የሞጣዋ
እኔ ደግሞ በዚሁ «ሪህ» በሚለው ቃል አንድ ዓመት ተኩል ጠፍቶብኛል። ያኔ 34 ዓመቴ ነበር። የሁለቱም እጄ ጣቶች እኩል አበጡ። ጠዋት ሊጥ ማቡካት ይቅርና የልጄን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ፤ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ አይፍታታም። «ብርድ ነው» ተባልኩ። በኋላ በደም ምርመራ ሩማቶይድ አርትራይተስ መሆኑ ታወቀ። የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ ነው አሉኝ። ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በየቀኑ የሚዋጥ መስሎት የሚሳሳት አለና ተጠንቀቁ፤ አደገኛ ነው። ደግሞ የዚህ በሽታ ሐኪም የአጥንት ሳይሆን የውስጥ ደዌ ነው። ጣት ከመጣመሙ በፊት ነው መድረስ።

መልስ፦ ጋሼ ከብቸና
ወጌሻ አልንቅም፤ ውልቃት ሲያስገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ያበጠ ጉልበት ሲታሽ ግን አልወድም። የጎረቤታችን ልጅ ጉልበቱ አብጦ እንደ ፍም ይፋጅ ነበር፣ ትኩሳትም ነበረው። በቅቤ ሲታሽ ሰነበተ። ሆስፒታል ሲደርስ ውስጡ መግል ይዟል። እንዲህ ያለውን በዚያው ቀን ነው ማድረስ እንጂ ነገ ማለት የለም።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ባሕር ዳር
ወንድሜ፣ ስለ መርፌው ላንሳ። ብልቃጡን ይዘህ ና። ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ከሆነ ሲደጋገም ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊትም ከፍ ያደርጋል። ዴክሳሜታዞን የሚባለው እብጠት የሚያበርድ ስቴሮይድ ከሆነ ደግሞ ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። «ያሻለኛል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው።

ኦፕራሲዮኑን አትፍራ፤ የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ የጭኗን ጡንቻ ታጠንክር። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ አንድ እግሯን ቀጥ አድርጋ ታንሳ፣ እስከ አምስት ትቁጠር፣ ታውርድ። አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ዱላ ከያዘች ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ትያዝ፤ ሁሉም ሰው ተገላቢጦሽ ነው የሚይዘው። ኪሎ ካላት ትንሽ መቀነሱ ጉልበቷን በጣም ያቀልላታል። ያን ዱካ አስወግድላት፣ ምጣዱንም ከፍ ያለ ምድጃ ላይ አውጣው። ስግደቱንም ለንስሐ አባቷ ትንገራቸው፤ ቆማ ትጸልይ።

ነርሷ ከፍኖተ ሰላም
የት ላልከው፦ ጤና መድህን ካላት ከጤና ጣቢያ ጀምር፤ ሪፈር ሳትይዝ ከመጣህ ከኪስህ ነው የምትከፍለው። ከዚያ ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል። የአጥንት ስፔሻሊስት ካስፈለጋት ባሕር ዳር ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለ። ለጉዞ ስትነሳ መንገዱን አጣራ። ራጁን ቆማ እንድትነሳ ጠይቅ፤ ተኝታ ከተነሳችው የልም አጥንቱ መሳሳት በደንብ አይታይም።

የደምበጫው ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ወንበሩን ነገ አሠራለሁ። ሥጋውንስ ትብላ?

ነርሷ ከፍኖተ ሰላም
ዩሪክ አሲዷ ይታይ። ደህና ከሆነ ለመጪው ፋሲካ ዶሮዋን ትሥራ፣ እኔንም ጥሩኝ።